ስቴፐር ሞተርን ከድራይቨር ጋር ማገናኘት፦ ለአነስተኛ ሲኤንሲ ማሽን የሚሆን የንጽጽር መመሪያ

በትርፍ ጊዜው አነስተኛ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ) ማሽን ለመሥራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ስቴፐር ሞተሩን፣ ማለትም በትንንሽ እርምጃ የሚዞረውን ሞተር፣ ቀጥሎ ለሞተሩ ኮይሎች ከረንት የሚሰጠውን ድራይቨር፣ በመጨረሻም በተረፈችው ገንዘብ ፓወር ሰፕላዩን ይገዛል። ስለ ሽቦው አያያዝ የሚያስበው ደግሞ ዕቃው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። የሞተሩ ኮይሎች የሚያያዙበት መንገድ፣ ድራይቨሩ የሚሰጠው ከረንት እና የፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጅ አንድ ላይ የሚወሰኑ ናቸው፤ አንዱን ሲነኩት ሌሎቹ ሁለቱ ይናጋሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ማሽን ላይ አስቀምጬ ነው።

ማሽኑ እንጨትና ፕላስቲክ፣ አልፎ አልፎም አሉሚኒየም የሚቆርጥ ባለ ሦስት ዘንግ ራውተር ይሁን። እያንዳንዱ ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር በሚያስኬድ ቦል ስክሪው (በውስጡ ኳሶች የሚሽከረከሩበት የመንጃ ብሎን) ይንቀሳቀሳል። ሞተሮቹ ኔማ 23 ናቸው፤ ይህ ቁጥር የፊት ገጻቸውን ስፋት፣ ማለትም ወደ 57 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑን የሚናገር እንጂ ስለ ጉልበታቸው ምንም የማይናገር ነው። በአንድ ዙር 200 ሙሉ እርምጃ ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዱ እርምጃም 1.8 ዲግሪ ይዞራሉ። ከማሽኑ የሚፈለገው ሳይቆርጥ ሲጓዝ በደቂቃ 3000 ሚሊሜትር እንዲሄድ ነው። 3000 ለ5 ሲካፈል በደቂቃ 600 ዙር፣ በሰከንድም 10 ዙር ይሆናል፤ ይህም በሰከንድ 2000 ሙሉ እርምጃ ስለሆነ ለአንድ እርምጃ የሚደርሰው ጊዜ ግማሽ ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ንጽጽር በአብዛኛው የሚመዘነው በዚህች ግማሽ ሚሊሰከንድ ስለሆነ አንባቢው በልቡ ይያዛት።

ከሞተሩ የሚወጡት ሽቦዎች

ባለ 4 ሽቦ ሞተር ምርጫ አይሰጥም፤ ሁለት ኮይል አለው፣ አንደኛው ኮይል በኤ+ እና ኤ−፣ ሌላው በቢ+ እና ቢ− ላይ ይታሰራል። ባለ 5 ሽቦ ሞተር፣ ለምሳሌ ለመለማመጃ የሚሸጠው ባለ 5 ቮልቱ 28ቢዋይጄ-48፣ የኮይሎቹ መካከለኛ ጫፎች በውስጥ በአንድ ሽቦ ስለተገናኙ እንዳለ ለምንነጋገርባቸው ድራይቨሮች አይሆንም። ከአሮጌ ፕሪንተርና ፎቶኮፒ ማሽን ከሚፈቱት ሞተሮች ውስጥ ብዙዎቹ ባለ 6 ሽቦ ናቸው። ተለቅ ባሉት ሞተሮች ዘንድ ደግሞ ባለ 8 ሽቦ ይገኛል፤ እውነተኛው ምርጫ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የሽቦን ቀለም ማመን አይገባም። በብዙ ባለ 4 ሽቦ ሞተሮች ጥቁርና አረንጓዴ አንድ ኮይል፣ ቀይና ሰማያዊ ደግሞ ሌላ ኮይል ናቸው፤ ነገር ግን ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። አስተማማኙ ዳኛ መልቲሜትር ነው። በአንድ ኮይል ሁለት ጫፎች መካከል ጥቂት ኦም፣ አንዳንዴም ከአንድ ኦም በታች ይነበባል፤ በሁለት የተለያዩ ኮይሎች መካከል ግን ምንም ግንኙነት አይኖርም። መልቲሜትር የሌለው ሰው ሁለት ሽቦዎችን አነካክቶ ዘንጉን በጣቱ ያዙረው፤ ዘንጉ እየተንገጫገጨ አልዞር ካለ ሁለቱ ሽቦዎች የአንድ ኮይል ጫፎች ናቸው። በባለ 6 ሽቦው ሽቦዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ፤ ከእያንዳንዱ ሦስት መካከል ከሁለቱም ጓደኞቹ ጋር እኩል አነስተኛ ንባብ የሚሰጠው የመካከሉ ሽቦ ሲሆን የሁለቱ ዳር ሽቦዎች ንባብ የዚያ እጥፍ ነው።

ባለ 8 ሽቦ ሞተር ያለ ሥዕላዊ መግለጫ እጅ ላይ ሲወድቅ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ምክንያቱም መልቲሜትሩ አራት ጥንዶችን ቢለይም የትኞቹ ሁለት ጥንዶች የአንድ ፌዝ (ድራይቨሩ እንደ አንድ ኮይል የሚነዳው ክፍል) እንደሆኑና የትኛው ጫፍ መጀመሪያ እንደሆነ አይናገርም። መፍትሔው ሞተሩን ለጊዜው ጀነሬተር ማድረግ ነው። ዘንጉ በድሪል በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የአንዱ ጥንድ ኤሲ ቮልቴጅ ይለካል፤ ከዚያም ሁለት ጥንዶች ጫፍ ለጫፍ ተቀጥለው እንደገና ይለካል። ንባቡ እጥፍ ከሆነ ሁለቱ የአንድ ፌዝ ናቸው፤ አቅጣጫቸውም ትክክል ነው። ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ የአንድ ፌዝ ሆነው ተገልብጠዋል። 1.4 እጥፍ ያህል ከሆነ ደግሞ የተለያየ ፌዝ ጥንዶች ናቸው። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ውጤቱንም በሽቦዎቹ ላይ በተጣበቀ ወረቀት ወዲያውኑ መጻፍ ያስፈልጋል።

በተከታታይ፣ በትይዩ ወይስ በግማሽ ኮይል?

ባለ 8 ሽቦ ሞተር የአንዱን ፌዝ ሁለት ጥምጥሞች ሲሪስ በሚባለው በተከታታይ አያያዝ ወይም ፓራለል በሚባለው በትይዩ አያያዝ ማገናኘት ያስችላል፤ ሦስተኛው አማራጭ ግማሹን ጥምጥም ብቻ መጠቀም ነው። ባለ 6 ሽቦው የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ብቻ ይፈቅዳል፤ መካከሉ በውስጥ ስለተቆራኘ ትይዩ ማድረግ አይቻልም።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ከረንት ለአንድ ጥምጥም 2.8 አምፔር ነው እንበል። በተከታታይ ሲያያዝ የሚፈቀደው ከረንት ወደ 0.7 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 2 አምፔር ይወርዳል፤ በትይዩ ሲያያዝ ግን ወደ 1.4 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 4 አምፔር ይወጣል። ሬዚስታንሱ በተከታታይ እጥፍ፣ በትይዩ ግማሽ ስለሚሆን በሁለቱም አያያዝ ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት እኩል ነው። የማግኔቱ ኃይልም እኩል በመሆኑ ሞተሩ ቆሞ ሲይዝና ቀስ ብሎ ሲዞር በሁለቱ መካከል የጉልበት ልዩነት የለም። ብዙ ሰዎች ትይዩ አያያዝ ጉልበት ይጨምራል ሲሉ ይሰማል፤ ይህ በዝቅተኛ ፍጥነት እውነት አይደለም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከኢንደክታንስ፣ ማለትም ኮይል የከረንትን ለውጥ ከሚቃወምበት ጠባይ ነው። የጥምጥም ኢንደክታንስ ከዙሮቹ ብዛት ካሬ ጋር ስለሚያድግ የተከታታዩ የትይዩው አራት እጥፍ ይሆናል፤ በምሳሌአችን ተከታታዩ 10 ሚሊሄንሪ፣ ትይዩው 2.5 ሚሊሄንሪ ይሁን። ከረንት ወደ ኮይል ገብቶ ሙሉ መጠኑ ላይ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በግርድፉ ኢንደክታንሱ በከረንቱ ተባዝቶ ለቮልቴጁ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ24 ቮልት ተከታታዩ 0.83 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ያችን ግማሽ ሚሊሰከንድ እናስታውስ፤ ከረንቱ ገና በመንገድ ላይ እያለ የሚቀጥለው እርምጃ ደረሰበት ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር ላይ የተጻፈለትን ጉልበት ሊሰጥ አይችልም። ትይዩው በዚያው 24 ቮልት 0.42 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ለጥቂት ይደርሳል። በ36 ቮልት ትይዩው 0.28 ሚሊሰከንድ ሲሆን ተከታታዩ 0.56 ሚሊሰከንድ ነው። ተከታታዩ ከትይዩው ጋር እኩል የሚሆነው ቮልቴጁ እጥፍ ሲደረግለት ብቻ ነው፤ በ48 ቮልት ላይ እርሱም 0.42 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ይህ ስሌት የኮይሉን ሬዚስታንስና ሞተሩ ሲዞር የሚያመነጨውን ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለማያካትት በተግባር የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፤ ለማወዳደር ግን ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ይታያል። ድራይቨሩ 4 አምፔር መስጠት ከቻለ ትይዩው ይመረጣል። ድራይቨሩ ከ2 አምፔር በላይ የማይሰጥ ከሆነና ማሽኑም ዘገምተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዘንጉ በትል ጥርስ የሚዞር የማዞሪያ ጠረጴዛ ከሆነ፣ ተከታታዩ በቂ ነው፤ ሽቦውም ሆነ ፓወር ሰፕላዩ ያንሳል። ግማሽ ኮይል የሁለቱ አማካይ ነው፦ የሚፈልገው ከረንት በሞተሩ ላይ የተጻፈውን ያህል፣ ኢንደክታንሱም የትይዩውን ያህል ሲሆን የሚሰጠው ጉልበት ግን ወደ 0.7 እጥፍ ይወርዳል፤ የሞተሩ ግማሽ መዳብ ሥራ ፈት ነውና። ከፕሪንተር ለተፈታ ባለ 6 ሽቦ ሞተር ፍጥነት ከተፈለገ የምመክረው ይህንን ነው። በዚህ አያያዝ ሳይታሰር የሚቀረው የዳር ሽቦ ዝም ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይሠራው ግማሽ ጥምጥም እንደ ትራንስፎርመር ስለሚሠራ በዚያ ጫፍ ላይ ከፓወር ሰፕላዩ የበለጠ ቮልቴጅ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ትርፍ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከማሽኑ አካል ጋር እንዳይነካኩ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው መሸፈን አለባቸው።

ድራይቨሮቹ

ትንንሾቹ ሰሌዳ ላይ የሚሰኩ ድራይቨሮች ሦስት ያህል ናቸው። ኤ4988 ከ8 እስከ 35 ቮልት ይሠራል፤ ያለ ማቀዝቀዣ 1 አምፔር ገደማ፣ በሂትሲንክ (ሙቀት በሚያስወግድ ብረት) እና በፋን እስከ 2 አምፔር ይሰጣል። ዲአርቪ8825 እስከ 45 ቮልት ይደርሳል፤ እርምጃውንም እስከ 1/32 ይከፋፍላል። ቲኤምሲ2209 ቮልቴጁ ከ29 የማይበልጥ ሆኖ ዝምታው ግን ከሁሉም የላቀ ነው፤ በመኝታ ክፍል ውስጥ ባለ ሦስት አቅጣጫ ፕሪንተር ለሚያሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ሦስቱም ለኔማ 17 ሞተሮች የተገቡ ናቸው። በእኛ ማሽን ላይ ግን የሚታሰቡት ሞተሩ በተከታታይ ከታሰረ ብቻ ነው፤ ያኔም ድራይቨሩ በአቅሙ ጫፍ ላይ ሌት ተቀን እየጋለ ይሠራል። ርካሽ ናቸው ብሎ ኔማ 23 ላይ ማሰር በኋላ ተደጋጋሚ ወጪ ያመጣል።

እነዚህን የመረጠ ሰው ከረንቱን ማስተካከል አለበት፤ ከፋብሪካ ተስተካክለው አይመጡም። በዲአርቪ8825 ላይ በትንሿ ማስተካከያ ብሎን ላይ የሚለካው ቮልቴጅ በ2 ሲባዛ ከረንቱ ይገኛል። በኤ4988 ላይ ስሌቱ በሰሌዳው ላይ ባሉት ሁለት ጥቁር መለኪያ ሬዚስተሮች ይወሰናል፤ አር100 የሚል ጽሑፍ ካለባቸው 0.1 ኦም ስለሆኑ ለ1 አምፔር 0.8 ቮልት፣ አር050 የሚል ካለባቸው ደግሞ 0.4 ቮልት ያስፈልጋል። ጽሑፉን ሳያነቡ የሌላ ሰውን ቁጥር መቅዳት ከረንቱን በእጥፍ ሊያስት ይችላል። በድራይቨሩ አጠገብ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መኖሩንም ማረጋገጥ ይገባል፤ መብራት ሲበራ በረጅም ሽቦ ላይ የሚነሣው የቮልቴጅ ዝላይ ያለ እርሱ ድራይቨሩን ይገድላል።

ቀጥሎ በሣጥን የታሸጉት ይመጣሉ። ቲቢ6600 ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ሣጥን እስከ 4 አምፔርና እስከ 42 ቮልት ይላል። ቲቢ6600 በመሠረቱ የቶሺባ ቺፕ ስም ነው፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ ሣጥኖች ሲከፈቱ በውስጣቸው የሚገኘው ቲቢ67ኤስ109 የተባለ አነስ ያለ ሌላ የቶሺባ ቺፕ ነው። ይህ ማለት ሣጥኑ አይሠራም ማለት አይደለም፤ በሣጥኑ ላይ በተጻፈው ጫፍ ላይ ሊሠራ አይገባም ማለት ነው። 36 ቮልትና 3 አምፔር ገደማ ላይ ካቆዩት ለብዙ የእንጨት ራውተሮች ያገለግላል።

ዲኤም542 በዋጋው ከፍ ይላል፤ ከ20 እስከ 50 ቮልት፣ ከ1 እስከ 4.2 አምፔር ይሰጣል። ዋናው ልዩነት ግን በቁጥሮቹ ላይ አይታይም። ይህ ድራይቨር ዲጂታል ስለሆነ የተገናኘውን ሞተር ሲነሣ ለክቶ ከረንቱን የሚቆጣጠርበትን መንገድ ያስማማል፤ በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ስቴፐር ሞተርን የሚያንቀጠቅጠውንና እርምጃ የሚያስጥለውንም ንዝረት ያረግባል። በቲቢ6600 እየጮኸ የቆመ ዘንግ ሞተሩም ሽቦውም ሳይቀየር በዲኤም542 ተረጋግቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ስለዚህ ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ማሻሻያ ብቻ ከሆነ ከትልቅ ሞተር ይልቅ የተሻለ ድራይቨር መግዛትን እመርጣለሁ።

በሣጥኑ ጎን ባለው ሠንጠረዥ ከረንቱ በሁለት ዓምድ ይጻፋል፤ አንዱ ጫፉን፣ ሌላው አማካዩን ይናገራል፤ 4.2 እና 3.0 አንድ ናቸው። በመጀመሪያ ከሞተሩ ከረንት ጋር የሚቀራረበውን የጫፍ ቁጥር መያዝ ጥንቃቄ ያለበት መነሻ ነው። በሣጥኑ ላይ ካሉት ትንንሽ ማብሪያዎች አራተኛው ሞተሩ ሲቆም ከረንቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል፤ ከባድ ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር) ተሸክሞ ሊወርድ ከሚችለው የዜድ ዘንግ በስተቀር በሁሉም ላይ ይሠራ።

ከኋላው ኢንኮደር (የሞተሩን ትክክለኛ ቦታ የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ዝግ ሥርዓት ስቴፐር ሦስተኛው መንገድ ነው። ኢንኮደሩ አብዛኛውን ጊዜ 1000 መስመር ያለው ሲሆን በአንድ ዙር 4000 ንባብ ይሰጣል፤ ሞተሩ ከታዘዘው ቦታ ከራቀ ድራይቨሩ ያርማል፣ ካልቻለም ማንቂያ ሰጥቶ ያቆማል። ለውድ ቁራጭ አሉሚኒየም ይህ ዋጋ አለው። በሽቦው በኩል ግን ይቅርታ የለውም፤ በተራው ድራይቨር ላይ የአንዱ ኮይል ሁለት ሽቦዎች ቢገለበጡ ሞተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለም፤ እዚህ ግን ሞተሩና ኢንኮደሩ ስለሚቃረኑ ድራይቨሩ ገና ሲነሣ ስሕተት ያሳያል።

ፓወር ሰፕላይ

ቮልቴጁ ምን ያህል ይሁን ለሚለው ጥያቄ ጌኮድራይቭ የተባለው ድራይቨር አምራች ያስለመደው ቀላል ቀመር አለ፦ የኢንደክታንሱ ስኩዌር ሩት በ32 ሲባዛ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይገኛል። 2.5 ሚሊሄንሪ ላለው ትይዩ አያያዝ 50 ቮልት ገደማ፣ 10 ሚሊሄንሪ ላለው ተከታታይ ደግሞ 101 ቮልት ገደማ ይሆናል። ከዚህ በላይ መሄድ ሞተሩን ያግላል እንጂ ፍጥነት ብዙም አይጨምርም። ትይዩውና ዲኤም542 እዚህ ላይ ተገጣጠሙ፤ ሁለቱም 50 ላይ ይቆማሉ። ሆኖም 48 ቮልት አልመርጥም። ከባድ ዘንግ በድንገት ሲቆም ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ኃይልን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ስለሚመልስ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ለዚያ ከፍታ ቦታ መተው ያስፈልጋል። 36 ቮልት ላይ 0.28 ሚሊሰከንድ ስላገኘን ለዚህ ማሽን የምመርጠው ትይዩ አያያዝ፣ ዲኤም542 እና 36 ቮልት ነው።

የከረንቱን መጠን ለማግኘት በትይዩ የታሰሩት ሞተሮች ከረንት ተደምሮ ሁለት ሦስተኛው ይወሰዳል፤ በተከታታይ ለታሰሩት ደግሞ በትይዩ ቢታሰሩ የሚፈልጉት ከረንት አንድ ሦስተኛ ይበቃል። ሦስት ሞተር በ4 አምፔር 12፣ ሁለት ሦስተኛው 8 አምፔር፤ በ36 ቮልት 288 ዋት ነው። 350 ዋት የሚባለው ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። ሌላው አማራጭ ቶሮይድ (የቀለበት ቅርጽ ያለው) ትራንስፎርመር ኤሲን ወደ ዲሲ ከሚቀይር ሬክቲፋየርና ከትልቅ ካፓሲተር ጋር ነው፤ የተመለሰውን ኃይል ካፓሲተሩ ስለሚውጠው ለሞተር ሥራ ይስማማል፤ 24 ቮልት ኤሲ በ1.4 ተባዝቶ ወደ 34 ቮልት ዲሲ ይሰጣል። ነገር ግን መውጫው ከመግቢያው ጋር አብሮ ይዋዥቃል፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ስዊቺንጉ ይሻላል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ በጎኑ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ በአንድ ብልጭታ ያበቃል፤ ከመሰካቱ በፊት ይህንን ማየት ከሁሉም ይቀድማል። የመብራት መቋረጥንም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ስቴፐር ሞተር ኃይል ሲያጣ የነበረበትን ቦታ ስለማያስታውስ የመነሻ ማብሪያ (ዘንጉ የዜሮ ቦታውን የሚያገኝበት ስዊች) የሌለው ማሽን በተቋረጠ ሥራ ላይ ወደ ቦታው መመለስ ይቸግረዋል።

የትእዛዝ ሽቦዎች

የሣጥን ድራይቨሮች ለእርምጃ፣ ለአቅጣጫና ለማንቃት ሦስት ጥንድ መግቢያዎች አሏቸው፤ በኋላቸው ትእዛዙን በብርሃን የሚያሻግር ኦፕቶካፕለር አለ። ሁሉንም የፕላስ ጫፎች በ5 ቮልት ላይ አንድ ማድረግ ወይም ሁሉንም የማይነስ ጫፎች በግራውንድ ላይ አንድ ማድረግ ይቻላል። ጂአርቢኤል የተባለው የሲኤንሲ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ለተጫነበት አርዱዪኖ ኡኖ (አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ፒን 2፣ 3 እና 4 የኤክስ፣ የዋይና የዜድ እርምጃ፣ 5፣ 6 እና 7 ደግሞ አቅጣጫ ናቸው። የማንቂያው ጥንድ ባዶ ቢተው ድራይቨሩ ነቅቶ ይቆያል፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ይህ ጥያቄ ይቀንሳል። በ3.3 ቮልት የሚሠራ ተቆጣጣሪ ግን ኦፕቶካፕለሩን በሚገባ ላያበራ ይችላል፤ አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ዘንግ ከማሳደድ በመካከል 74ኤችሲቲ245ን የመሰለ በ5 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ማስገባት ይቀላል። ከፋብሪካ ተቆጣጣሪ 24 ቮልት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ መስመር ላይ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይጨመራል፤ በራሱ 24 ቮልት እንደሚቀበል የተጻፈበት ድራይቨር ካልሆነ በስተቀር።

የማይክሮስቴፑ፣ ማለትም አንድ ሙሉ እርምጃ የሚከፋፈልበት መጠን ምርጫም እዚሁ ይወሰናል፤ ጂአርቢኤል በኡኖ ላይ በሰከንድ ከ30,000 እርምጃ ገደማ በላይ መላክ አይችልምና። በ1/32 ለአንድ ሚሊሜትር 1280 እርምጃ ያስፈልጋል፤ በሰከንድ 50 ሚሊሜትር ለመሄድ 64,000 ይሆናል፤ አይቻልም። በ1/8 ግን 320 እና 16,000 ነው። በግሌ በዙር 2000 የሚለውን እመርጣለሁ፤ ለሚሊሜትር 400 ሙሉ ቁጥር ሲሆን በሰከንድ 20,000 ላይ ይቆማል። ከዚህ በላይ መከፋፈል ዘንጉን ያለሰልሳል እንጂ ማሽኑን ይበልጥ ትክክለኛ አያደርገውም።

በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ሞተር

ሰፊ ድልድይ ያለው ራውተር ግራና ቀኙን በሁለት ሞተር ይነዳል። ሁለቱን ሞተሮች በአንድ ድራይቨር ላይ በተከታታይ ማሰር እኩል ከረንት ያረጋግጣል፤ ቮልቴጁን ግን ስለሚካፈሉት በፍጥነት ይደክማሉ። በትይዩ ማሰር ድራይቨሩን እጥፍ ከረንት ይጠይቃል፤ ይባስ ብሎ የአንዱ ሞተር ሽቦ ቢላላ የሁለቱም ከረንት በቀረው ላይ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ የራሱን ድራይቨር ሰጥቶ የእርምጃና የአቅጣጫ መስመሮቹን ከአንድ ፒን ማካፈል ትክክለኛው መንገድ ነው፤ በተቃራኒ መዞር ላለበት ሞተር ኤ+ እና ኤ−ን መለዋወጥ ብቻ ይበቃል።

ከማብራት በፊትና በኋላ

የእያንዳንዱ ኮይል ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ይጠማዘዙ፤ የሞተር ኬብል ከትእዛዝና ከመነሻ ማብሪያ ኬብሎች ተለይቶ ይሂድ፤ ሺልድ ያለው ከሆነ ሺልዱ በድራይቨሩ በኩል ብቻ ግራውንድ ይደረግ። ለ4 አምፔር 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል። በፓወር ሰፕላዩና በድራይቨሩ መካከል ማጥፊያ አይግባ፤ መጥፋት ያለበት በኤሲው በኩል ነው። ድራይቨሩ እየሠራ የሞተር ሽቦ አይነቀል፤ እኔ በመጀመሪያው ማሽኔ ላይ በንዝረት በላላ የሞተር ሶኬት ምክንያት ሁለት ኤ4988 አቃጥያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በብሎን ከሚጠብቅ ተርሚናል ሌላ አልጠቀምም።

ማሽኑ ከተነሣ በኋላ መለኪያ ዲያል ተተክሎ ዘንጉ 100 ሚሊሜትር ሄዶ እንዲመለስ ሃያ ጊዜ ይታዘዝ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በሙሉ ፍጥነት። በዝግታ ዜሮ ላይ ተመልሶ በፍጥነት ከሳተ የጎደለው ቮልቴጅ ነው፤ ወደ ትይዩ አያያዝ ወይም ወደ ከፍተኛ ፓወር ሰፕላይ መሄድ ያስፈልጋል። ሲነሣና ሲቆም ብቻ ከጮኸ የፍጥነት መጨመሪያው ቅንብር ይቀነስ፤ ከረንቱም ይታይ። በዝግታም በፍጥነትም በእያንዳንዱ መመለስ እኩል በእኩል፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ ከሄደ ግን ችግሩ ከሞተሩም ከኮይሉም አይደለም፤ የአቅጣጫው ትእዛዝ ከእርምጃው ጋር ተደራርቦ በእያንዳንዱ መዞር ላይ አንድ እርምጃ እየጠፋ ነው፤ ዲኤም542 አቅጣጫው ከእርምጃው በ5 ማይክሮሰከንድ እንዲቀድም ይፈልጋል። በጂአርቢኤል ላይ የእርምጃውን ምልክት የሚገለብጠው ቅንብር ቁጥር 2 ነው፤ እርሱን ቀይሮ ያንኑ ሃያ ጉዞ መድገም ነው።